ለብቻዋ የምትቀርብ ሳህን

ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ላደርግ ነው። ቀኑ ተቆርጧል። የሚሠራልኝ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ግን የደሴ ልጅ ነኝ፣ የምኖረውም ደሴ ነው።

ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሰነባብቻለሁ። በመጨረሻ የጻፍኩት ለአንድ ምክንያት ነው። ስዘጋጅ ያገኘሁት ንባብ ሁሉ ሰው በየሳህኑ ለብቻው ስለሚበላበት አገር ነው። ትሪ ከቦ ለሚቀመጥ፣ እየጎረሰ ለሚያጎርስ፣ ቡናውን እስከ በረካ ለሚጠጣ ሰው የተጻፈ አላገኘሁም። ሰውነቴን እንዴት እንደማዘጋጅ ሐኪሞቹ በደንብ ነግረውኛል። እናቴን፣ ዘመዶቼን፣ ጎረቤቶቼን እንዴት እንደማዘጋጅ ግን የነገረኝ የለም። ለኔ ከባዱ ዝግጅት እሱ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ስለ ቀዶ ጥገናው ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ስብ ተቆርጦ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ለኔ የሚሠራው «ስሊቭ» የሚባለው ነው። ሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በካሜራ እየታየ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ጠባብ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በኛ ቤት ልክ ሁለት ሲኒ ገደማ ማለት ነው። ሌላው «ባይፓስ» ነው። በሱ ከጨጓራው ከላይ በኩል ትንሽ ከረጢት ብቻ ይለይና እሱ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። ስኳር ላለበት ሰው ባይፓስ የበለጠ እንደሚረዳ፣ ከባድ ቃር ላለበት ሰው ደግሞ ስሊቭ ቃሩን ሊያባብስበት እንደሚችል ሐኪሜ አስረድቶኛል። ቃር ስለሌለብኝና ሌሎችም ነገሮች ታይተው ስሊቭ ላይ ተስማማን። ይህን ለናንተ አልወስንም። ምክንያቱን ሳይሰሙ ግን አትስማሙ።

ሕክምናው ለማን ነው ለሚለውም መስፈርት አለው። ክብደት በኪሎ ይወሰድና በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለቴ ይካፈላል። ለረጅም ዓመታት የሚፈቀደው ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ወይም እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ኖሮበት 35 ለደረሰ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት መመሪያውን አሻሻሉት። አሁን 35 ለደረሰ ሰው ሌላ ሕመም ባይኖርበትም ይመከራል፤ ስኳር ላለበት ከ30 ጀምሮ ይታሰባል። እኔ ከ40 በላይ ነኝ። ስኳርም አለብኝ። ሌሊት እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ እየተቋረጠ ያባንነኛል። ስለ መልክ የሚያወራኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህን ነው። ጉልበቴና ትንፋሼ ናቸው ያስወሰኑኝ።

«ታዲያ አትጾሚም?» ይሉኛል። እጾማለሁ። ረመዳንንም ሸዋልንም ጾሜ አውቃለሁ። ቀንሼም አውቃለሁ። ያኔ ነው ሰውነት እንዴት እንደሚከራከር ያየሁት። ክብደት ሲወርድ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል፤ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። የወረደው ተመልሶ እንዲወጣ ይገፋል። ይህ የፈቃድ ማነስ አይደለም። ስሊቭ ሲሠራ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ግሬሊን በብዛት የሚመረትበት ቦታ ስላለ፣ ረሃቡም አብሮ ይቀንሳል። በአንድ ጤና ተቋም አንዲት ባለሙያ ሚዛኑ ላይ ቆሜ «አፍሽን ዝጊ» ብላኛለች። ብዙ ሰው በዚህ ቃል ምክንያት ሕክምና ትቶ ቤቱ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እባካችሁ አትቅሩ። ሌላ ቦታ ሂዱ።

እናቴ ስትሰማ አለቀሰች።

«ልጄ፣ እኛ እኮ እህል አጥተን ሆዳችን ከጀርባችን የተጣበቀ ሰዎች ነን። አንቺ እህል ሞልቶልሽ ሆድሽን ታስቆርጫለሽ?»

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። የ66ቱንም የ77ቱንም ድርቅ አይታለች። በ66ቱ ገና ልጅ ነበረች። በ77ቱ እኔን አርግዛ ነበር። ኮረምና ባቲ መጠለያ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ በዓለም ቴሌቪዥን የታየበት ዘመን ነው። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። የምታውቀው ግን እጇ ላይ አለ። እንግዳ መጥቶ ሳይበላ ሲወጣ ያማታል። ሳህን ላይ የቀረ ፍርፋሪ አታይም። ልጆቿ ጉንጫቸው ሲሞላ ዱዓዋ የሰመረ ይመስላታል። እንዲህ ያለችን ሴት «ከአሁን በኋላ ትንሽ ነው የምበላው» ማለት፣ ስጦታዋን መመለስ ነው።

ስለዚህ ስለ ሕክምናው ከማስረዳቴ በፊት ያነበብኩትን አንድ ነገር ነገርኳት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ብርቱ ረሃብ ነበር። ያኔ በማሕፀን የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ተጠንተዋል። እናቶቻቸው በእርግዝና የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ስኳራቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው ሆነው ተገኙ። በተለይ ረሃቡ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ያገኛቸው ላይ ውፍረትም በርትቶ ታየ። ማሕፀን ውስጥ እጦት የለመደ ሰውነት ያገኘውን ሁሉ ማኖር ይወዳል። የኔ ሕመም መንስኤ ይህ ብቻ ነው አልልም። ቀኑን ሙሉ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ነው የምውለው፤ አባቴም ስኳር ነበረበት። ግን «እማዬ፣ ያ ረሃብ እኔንም ሳይነካኝ አልቀረም» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፏ ቀረ። «ምን ትበያለሽ ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። መነጋገር የጀመርነው ያኔ ነው።

ምርመራው ብዙ ነው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) አለው፣ የሆድ አልትራሳውንድ አለው፣ የልብ ምርመራ አለው። ደም ተወስዶ የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን መጠን ይታያል። እኔ ላይ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘ። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ስለሆነ አልደነገጥኩም። በሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና በአሲድ መቀነሻ ታከምኩ፤ መጥፋቱም ተረጋገጠ። ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት ማስጨረስ ይሻላል። የሥነ ልቦና ባለሙያም አነጋግራኛለች። ስከፋ እበላ እንደሆነ፣ ሌሊት ተነስቼ እበላ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደዚህ በእርጋታ የጠየቀኝ ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ልዩ አመጋገብ አለ። የጉበት ግራ ክፍል ጨጓራው ላይ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ሰርጀኑ ጨጓራውን ለማግኘት እሱን ማንሳት አለበት። ጉበት ስብ ከሞላው ያብጣል፤ ለማንሳት ያስቸግራል፤ ሊደማም ይችላል። ስታርችና ስኳር ሲቀነስ ግን ጉበት ያከማቸውን ስኳር ከነውኃው ይለቃል፣ ስቡም ይቀንሳል፣ ይሸበሸባል። ስለዚህ እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ገንፎ የለም። የኔ ምግብ እንቁላል፣ አሬራ፣ ዘይት የሌለው ጎመን፣ የዶሮ ሥጋ፣ ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ነው። ዓሣው ሳይጠበስ በሎሚና በቃሪያ ተቀቅሎ ሲቀርብ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን በብርቱ እላለሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ሲቀንስ መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዲያስተካክልለት የግድ ነው። ያለዚያ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። የኔ ተስተካክሎልኛል።

አሁን ወደ ትሪው ልምጣ።

ትሪ ላይ ስትበላ ምን ያህል እንደበላህ አታውቅም። ከፊትህ ያለው ሲያልቅ ይጨመራል። እጅህን ስትሰበስብ «በሞቴ» ይመጣል፣ «አፈር ስሆን» ይመጣል፣ ጉርሻ ይመጣል። ጨጓራው ሁለት ሲኒ ብቻ ለሚይዝ ሰው አንዲት የእናት ጉርሻ ከልክ ልታልፍ ትችላለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በትንሽ በትንሹ መቁረስ፣ በደንብ አላምጦ መዋጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል። ከምግቡ ጋር ውኃ አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። መጀመሪያ እንቁላሉ ወይም ሥጋው ወይም ምስሩ ይበላል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን መሙላት አለበት። እንጀራ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ቦታ ከተረፈ። ይህ ሁሉ ትሪ ላይ አይሆንም። የራሴ ሳህን ያስፈልገኛል።

ከትሪ መለየት ግን እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም። የተኳረፈ ነው ከማዕድ የሚለየው። አክስቴ «እኛን ተጸየፍሽን?» እንደምትለኝ ስለማውቅ ብዙ ቀን ስቆዝም ከረምኩ። ከዚያ የጎረቤት ሰርግ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ መልሱ ከፊቴ እንዳለ አየሁ። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲደገስ የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ በሬውን ወይም በጉን ሰጥቶ በክርስቲያን ሰው ያሳርድለታል። ክርስቲያኑም ሲደግስ እንዲሁ። ወጡ በየድስቱ ይሠራል፣ በየራሱ ይቀርባል። ድንኳኑ አንድ፣ ሳቁ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ ነው። ማንም ሰው ሳህኔ ተለየ ብሎ አይቀየምም። እንዲያውም ለብቻ አስቦ ያላቀረበለት ደጋሽ ነው የሚታማው።

ለእናቴና ለአክስቴ ያልኳቸው ይህንኑ ነው። «እትዬ እኛ ቤት ሲመጡ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት እናቴን። እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ ከኛ ጋር ስንት ዓመት ቡና ጠጥተዋል። እናቴ በጾማቸው ወቅት ሽሮውን ያለ ቅቤ ለይታ ትሠራላቸዋለች፤ ማንኪያውን እንኳን አታቀላቅልም። «እኔንም እንደሳቸው ቁጠሪኝ» አልኳት። ገባት። በማግስቱ ከገበያ ትንሽ የሸክላ ሳህን ገዝታ መጣች። አሁን ሳህኗ ትሪው መሐል ላይ ትቀመጣለች። እኔም ከትሪው ዙሪያ አልተነሳሁም። አክስቴ አሁንም ጉርሻ ታነሳና ትዝ ሲላት ለእህቴ ልጅ ታጎርሰዋለች።

ቡናው ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ግን መነገር አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡና እንዳልጠጣ ተነግሮኛል። በኋላም የብረት ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድ አይገባም፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ካልሲየምና ብረትም ሁለት ሰዓት ያህል መራራቅ አለባቸው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 እና ሌሎቹን የሚይዘው መልቲቫይታሚን ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ደሴ ፋርማሲዎች ዞሬ ሁሉንም በአንድ ቦታ አላገኘኋቸውም፤ ከአዲስ አበባ ለብዙ ወር የሚሆነኝን ይዤ ለመምጣት ወስኛለሁ። ጫትንም በግልጽ ልንገራችሁ። ዱዓ ላይ ጫት የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ይጨምራል፤ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሰው አደጋ ነው። ሲጋራም ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። የሚቅም ወይም የሚያጨስ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር፣ ከሳምንታት በፊትም ይተው። እኔ ዱዓው ላይ እቀመጣለሁ፣ «አሚን» እላለሁ፣ ሲኒዬ ውስጥ ያለው ግን ውኃ ነው። በሲኒ ውኃ ፉት ማለትን ከአሁኑ መለማመዴ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ በዚህ ዓይነት እየተፎተ ነው የሚሞላው።

የጠያቂ ነገር ደግሞ አለ። ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። አጥሚት ይመጣል፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይመጣል፣ ለስላሳ በሳጥን ይመጣል፣ ማንጎ ጁስ ይመጣል። ለኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስስ ፈሳሽ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወተትና የተጠለለ ሾርባ፣ ከዚያ የተፈጨ ምግብ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ እያለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ጋዝ ያለው መጠጥ የለም። ስኳር የበዛበት አጥሚትም የለም። ጠያቂን መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እህቴ ጥሩ መላ አመጣች። ለሚጠይቁት ሁሉ «የተፈቀደላት የአጥንት ሾርባ ነው፤ ቅባቱ ተገፎ፣ በወንፊት ተጠልሎ» ብላ እየነገረች ነው። ሰው ማምጣት ነው የሚፈልገው፤ ምን እንደሚያመጣ ከነገሩት ደስ ይለዋል። ለተፈጨው ምግብ ጊዜ ደግሞ በርበሬ የሌለው ስስ አልጫ ሽሮ ይፈቀዳል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ሽሮውን ከአሁኑ ለብቻ አስፈጭታ፣ እፍኝ አኩሪ አተር ጨምራበት አስቀምጣለች።

ጾም ላይ ለሁለቱም ወገን አንባቢዎቼ አንድ ቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ለኩላሊትም ለደምም አደገኛ ነው። ለሙስሊሙ ሕመምተኛ ቀዷ (ያለፈውን ጾም ሲሻለው መክፈል) አለለት፤ ሸኽ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ክርስቲያን የሆናችሁ የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እንቁላልና ወተት ሳይኖር ፕሮቲኑን በምስር፣ በሽምብራና በአኩሪ አተር መሙላት ለትንሽ ጨጓራ ከባድ ነው። ወጣት ሴቶች ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲቆዩ ይመከራል።

አደጋውን አልደብቅም። የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል፣ ሊደማ ይችላል፣ እግር ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ጥሩ ማዕከል ውስጥ ሲሠራ የሞት አደጋው ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። ለዚህ ነው ከአልጋ ቶሎ ተነስቶ መራመድ የሚታዘዘው። ለዚህም ነው ወዲያው ወደ ደሴ የማልመለሰው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ውስጥ እግር አጥፎ መቀመጥ፣ ያውም በጣርማ በርና በደብረ ሲና ጠመዝማዛ፣ ለአዲስ ቁስልም ለደም መርጋትም አይሆንም። ሐኪሜ እስኪፈቅድልኝ አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት እቆያለሁ። ከዚያ በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ እመጣለሁ።

ቱርክና ሕንድ ሄደው የሚያሠሩ አሉ። ገንዘብ ያለው ሰው ቢሄድ አልቃወምም። እኔ ግን ሰርጀኑን መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ዋጋም ስለ ልምድም አልነበረም። «ደሴ ሆኜ ሌሊት ቢያመኝ ማን ጋ ነው የምደውለው?» አልኩት። ስልኩን ሰጠኝ። የተሠራልኝ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀትም እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያየኝ ሐኪም ወዲያው እንዲያውቅ። ትኩሳት፣ የማይቆም ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ ያለ ምክንያት የሚፈጥን የልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ይህን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የእህቴ ልጅ እያነበበላት በቃሏ ይዛዋለች። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ባለ ባጃጅ ሰፈራችን ውስጥ አለ፤ ቁጥሩን ሦስታችንም ይዘናል።